ከነርቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኢንፌክሽን ስንት ያስወጣል? ለሆስፒታል ቡድን የሂሳብ አሠራር

«የኢንፌክሽን መጠናችን ጨምሯል» የሚል ሪፖርት ለሥራ አመራር ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ተነብቦ ይታለፋል። መቶኛ በጀት አያስመድብም። «በበጀት ዓመቱ በኢንፌክሽን ምክንያት ብቻ ይህን ያህል የአልጋ ቀን፣ ይህን ያህል ቫያል ሜሮፔኔም (በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ)፣ ይህን ያህል የኦፕራሲዮን ክፍል ሰዓት ሄዷል፤ ቤተሰብም ከኪሱ ይህን ያህል ከፍሏል» የሚል አንድ ገጽ ግን ፋይናንስ ክፍሉንም ሜዲካል ዳይሬክተሩንም ያነጋግራል። ይህ መመሪያ ያንን ገጽ እንዴት እንደምታዘጋጁ ያሳያል። የተጻፈው የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ለሚሰጥ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ለግል ሆስፒታልም ከጥቂት ማስተካከያ ጋር ይሠራል።

ቡድኑ ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ የኒውሮሰርጀሪ ሬዚደንት ወይም ስፔሻሊስት፣ የዎርዱ ኃላፊ ነርስ፣ አንድ ፋርማሲስትና አንድ የፋይናንስ ባለሙያ ይበቃሉ። የፋይናንሱን ሰው ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፤ ራሱ ያልሠራውን ቁጥር አያምንም።

ምን ይቆጠራል?

ሁሉንም ኢንፌክሽን በአንድ ላይ አትደምሩ። የቆዳ ስፌት ላይ የወጣ መግልና የሻንት (የአንጎልን ትርፍ ፈሳሽ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚወስድ ቱቦ) ኢንፌክሽን በወጪ ፈጽሞ አይገናኙም፤ የመጀመሪያው በቁስል መጥረግና በጥቂት ቀን መድኃኒት ሊያልፍ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ታካሚውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይመልሰዋል። ቢያንስ በአራት መደብ ክፈሉ፦ የሻንት፣ የኢቪዲ (ፈሳሹን ወደ ውጭ የሚያወጣው ጊዜያዊ ቱቦ)፣ የጭንቅላት አጥንት ተከፍቶ የተሠራ (ክራኒዮቶሚ)፣ እና የአከርካሪ። የአከርካሪውን ብረት የገባለትና ያልገባለት ብላችሁ ለዩት።

ትርጉሙን ከራሳችሁ አታውጡ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የሚጠቀምበት መለኪያ በብዙ አገር ስለሚታወቅ ለንጽጽር ይመቻል። በዚያ መሠረት ለክራኒዮቶሚ፣ ለሻንትና አጥንት ለማጣበቅ ለሚደረግ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጥልቅ ኢንፌክሽን የሚጠበቀው እስከ 90 ቀን ነው፤ ላሚኔክቶሚ (የአከርካሪ አጥንትን የጀርባ ክፍል ማንሣት) ብቻ ከሆነ 30 ቀን። የላይኛው ቆዳ ኢንፌክሽን በሁሉም 30 ቀን ነው። ኢቪዲ ግን በታካሚ ብዛት ብቻ ቢለካ ያሳስታል፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር አደጋው ስለሚጨምር በ1000 የቱቦ ቀን አስሉት።

የ90 ቀኑ ነገር በእኛ አገር ፈተና አለው። ታካሚው በሳምንቱ ወጥቶ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚሄደው ቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፣ እናንተ ጋ አይመዘገብም። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ስልክ ቁጥር ያዙ፤ አንዱ የአስታማሚው፣ ሌላው የጎረቤት ወይም የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። በ30ኛውና በ90ኛው ቀን ደውሉ። አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ከቁስሉ ፈሳሽ ወጣ? ሕፃን ከሆነ ጡት መጥባት አቆመ ወይም አስመለሰው? ሌላ ጤና ተቋም ሄደ? ስንት ከፈላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ በክትትል ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ እዚህ ግን ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

ሌላ መደብ ደግሞ ጨምሩ፦ «ተጠርጥሮ የታከመ፣ ያልተረጋገጠ»። አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ የተወሰደ የሲኤስኤፍ (የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ) ናሙና ካልቸሩ (ባክቴሪያ የማሳደግ ምርመራው) ባዶ ሊሆን ይችላል። በተለይ የጭንቅላት ኋላ ክፍል ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ባክቴሪያ የሌለበት የማጅራት መቆጣት ትኩሳትና ነጭ የደም ሴል ያስከትላል። መድኃኒቱ ግን ተሰጥቷል፣ ብሩም ወጥቷል። እነዚህን ከተረጋገጡት ጋር ብትቀላቅሉ ቁጥሩ ያብጣል፤ ብትጥሉ ደግሞ እውነተኛ ወጪ ይሰወራል። ለብቻ አሳዩ።

ቀንና ሰዓት፦ ስህተቱ የሚገባበት በር

የካርድ ክፍሉ መዝገብ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር በፈረንጅ። ኤክሴል ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን «30/2/2016» ብላችሁ ብትጽፉለት ሁለተኛው ወር 30 ቀን የሌለው የፌብሩዋሪ ወር ስለሚመስለው ቀን መሆኑን ሳያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ጳጉሜንም እንደዚሁ። ይህ በዓይን ስለሚታይ ደህና ነው። የሚያስፈራው በጸጥታ የሚያልፈው ነው፦ «25/5/2016» ገብቶ «5/6/2016» የወጣ ታካሚ በእኛ ቆጠራ 10 ቀን ተኝቷል፣ ኤክሴል ግን 11 ይላል፣ ምክንያቱም አምስተኛውን ወር 31 ቀን ያለው ሜይ አድርጎ ነው የሚያነበው። በአንድ ታካሚ አንድ ቀን ምንም አይደለም፤ በመቶ ታካሚ ላይ ግን የአልጋ ቀን ሂሳባችሁን ያዛባል። ሁሉንም ቀን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አስገቡ፣ የኢትዮጵያውን ቀን በጎን ባለ ሌላ አምድ እንደተጻፈ አስቀምጡት።

ሰዓትም ያው ነው። የመከላከያው አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት በ60 ደቂቃ ውስጥ መሰጠቱን ስታጣሩ የሰመመን ወረቀቱ «2:40» ሊል ይችላል፣ የኦፕራሲዮን መዝገቡ ደግሞ «8:55»። ሁለቱም የጠዋት ሰዓት ናቸው፤ ልዩነቱ 15 ደቂቃ ነው። ሳታስተካክሉ ብታሰሉት ከስድስት ሰዓት በላይ ያሳያችኋል፣ በሥርዓቱ የተሰጠውንም መድኃኒት «አለጊዜው የተሰጠ» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ኢንፌክሽኑ የጨመረውን ብቻ ለዩ

የሂሳቡ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጥናትም የሚበላሸው እዚሁ። ኢንፌክሽን የያዘውን ታካሚ ሙሉ ወጪ ወስዶ «የኢንፌክሽን ወጪ» ማለት ስህተት ነው። ሰውየው ኢንፌክሽን ባይዘውም ይተኛ ነበር፣ ሲቲ ስካን ይነሣ ነበር፣ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ይገባ ነበር። የምንፈልገው ልዩነቱን ነው።

ለእያንዳንዱ ኢንፌክሽን ለያዘው ታካሚ ሁለት ወይም ሦስት ያልያዛቸው ተመሳሳይ ታካሚዎችን ፈልጉ። መመሳሰል ያለባቸው በቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ በዕድሜ ክልል (ከአንድ ዓመት በታች የሆኑትን ሕፃናት ለብቻ)፣ ድንገተኛ ወይም ቀጠሮ በመሆኑ፣ እና ሲገባ በነበረው የንቃት ደረጃ (ጂሲኤስ) ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ለንጽጽር የተመረጠው ታካሚ የሌላው ኢንፌክሽን እስከታወቀበት ቀን ድረስ ቢያንስ እኩል የተኛ መሆን አለበት።

ምክንያቱን በምሳሌ እንየው። ኢቪዲ የገባለት ሰው በ9ኛው ቀን ኢንፌክሽን ታወቀበት እንበል፤ በጠቅላላው 34 ቀን ተኛ። የዎርዱ አማካይ ቆይታ 6 ቀን ቢሆንና በቀጥታ ብታቀናንሱ 28 ትርፍ ቀን ታገኛላችሁ። ግን 9 ቀን የቆየ ሰው መጀመሪያውኑ የባሰበት ነው፤ ረጅም መቆየቱ ራሱ ለኢንፌክሽን አጋልጦታል። ቢያንስ 9 ቀን የቆዩና ኢንፌክሽን ያልያዛቸው ተመሳሳዮቹ በአማካይ 16 ቀን ከተኙ ኢንፌክሽኑ የጨመረው 18 ቀን ብቻ ነው። 28 ብላችሁ ብታቀርቡና የፋይናንሱ ሰው ቢነቃበት የቀረው ገጽ ሁሉ ይወድቃል።

በአማካዩም ተጠንቀቁ። የሐኪም ጽሑፎች መካከለኛውን ቁጥር (ሚዲያን) ይወዳሉ፣ ለበጀት ግን አይሆንም። አምስት ታካሚዎች 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 64 ትርፍ ቀን ተኙ እንበል። ሚዲያኑ 10 ነው፤ በ5 ስታባዙት 50 ቀን። በእውነት የተያዘው ግን 100 ቀን ነው፣ አማካዩ 20። ያ 64 ቀን የተኛው ታካሚ ዎርዱን ከያዙት አንዱ ነውና ልትጥሉት አትችሉም። አማካዩን ለገንዘቡ፣ ሚዲያኑን ለመግለጫ አድርጉ።

የሞቱትን ለብቻ አሳዩ። በቬንትሪኩላይተስ (በአንጎል ክፍተት ኢንፌክሽን) በሦስተኛው ቀን ያረፈ ታካሚ በሂሳብ ዓይን «ርካሽ» ነው፤ አልጋ አልያዘም፣ መድኃኒት አልጨረሰም። ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቅ ኢንፌክሽኑ የከፋበት ዎርድ ትንሽ ያወጣ ይመስላል።

የአልጋ ቀንና የመድኃኒት ዋጋ

የሆስፒታሉን ታሪፍ እንደ ወጪ አትውሰዱ። በመንግሥት ሆስፒታል ታካሚው የሚከፍለው የአልጋ ክፍያ ከእውነተኛው ወጪ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይልቅ የዎርዱን ዓመታዊ ወጪ አውጡ፦ የነርሶች፣ የሐኪሞች (ለዎርዱ የሚያውሉት ጊዜ ድርሻ ብቻ)፣ የጽዳትና የጥበቃ ደመወዝ፤ ምግብ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ኦክስጅን፣ የልብስ እጥበት፤ የአልጋና የመሣሪያ እርጅና፤ ከአስተዳደሩ የሚደርሰው ድርሻ። ይህን በዓመቱ የተያዘ የአልጋ ቀን ብዛት አካፍሉ። አይሲዩን ለብቻ አስሉ፤ በአንድ አማካይ ከዎርድ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ውሸት ይሆናሉ። መድኃኒትን እዚህ ውስጥ አትክተቱ፣ በኋላ ለብቻው ስለሚመጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

መድኃኒቱን ከካርዱ ላይ ከተጻፈው ትዕዛዝ ሳይሆን በነርስ የመድኃኒት መስጫ ቻርት ላይ ከተፈረመው ቁጠሩ። ዋጋውን ከሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ወይም ከፋርማሲው ደረሰኝ ውሰዱ። በእርዳታ የመጣ ሻንት ካለ ዋጋው ዜሮ አይደለም፤ ነገ ለጋሹ ቢያቆም ማን ይገዛዋል? «ጥሬ ገንዘብ የወጣበት» እና «የገበያ ዋጋው» የሚሉ ሁለት አምዶች አድርጉ።

የመድኃኒቱ ብዛት የሚያስደነግጥ ስለሆነ ዘርዘር አድርጋችሁ አሳዩት። አዋቂ ሰው ለማጅራት ወይም ለአንጎል ክፍተት ኢንፌክሽን ሜሮፔኔም የሚወስደው 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ በቀን ስድስት ባለ 1 ግራም ቫያል። ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ሆኖ 14 ቀን ቢወስድ 84 ቫያል፣ 21 ቀን ቢሆን 126። የኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፍ (ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ) ቀላል ኢንፌክሽን በ10 ቀን ሊያልቅ ይችላል። ካልቸሩ እየተደጋገመ ባክቴሪያ የሚያሳይ ከሆነ ግን ቆጠራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ፖዘቲቭ ካልቸር ነው፤ 10 እስከ 14 ቀን ከዚያ በኋላ። ቫንኮማይሲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ በላዩ ላይ ይጨመራል፤ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ለ14 ቀን 28 ቫያል፣ በየ8 ሰዓቱ ከሆነ 42።

በሕፃናት ላይ ደግሞ የማይታይ ብክነት አለ። 6 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በ40 ሚሊግራም በኪሎ 240 ሚሊግራም ሜሮፔኔም በየ8 ሰዓቱ ትወስዳለች። በብዛት የሚገኘው ትንሹ ቫያል 500 ሚሊግራም ነው። የተከፈተው ለሚቀጥለው ዶዝ በዎርድ ውስጥ በሰላም ማቆየት ስለማይቻል በየዶዙ አዲስ ይከፈታል፦ በቀን 3፣ በ21 ቀን 63 ቫያል። ከእያንዳንዱ ከግማሽ በላይ ይደፋል። ስለዚህ ሚሊግራም አትቁጠሩ፣ የተከፈተ ቫያል ቁጠሩ። ሲሪንጅ፣ ካኑላ፣ ማሟሚያ ውኃ፣ ጓንት፣ የኩላሊት ምርመራና ተደጋጋሚ የሲኤስኤፍ ካልቸርም ይከተላሉ።

ዳግም ቀዶ ሕክምና በጣም ውዱ ክፍል ነው። የተበከለ ሻንት ወጥቶ ኢቪዲ ይገባል፣ ፈሳሹ ሲጠራ አዲስ ሻንት ይገባል። ሁለት ተጨማሪ የሰመመን ጊዜ፣ አንድ ኢቪዲ፣ አንድ ሻንት። በክራኒዮቶሚ የአጥንት ክዳኑ ከተበከለ ይወጣል፣ ታካሚው ወራት በአጥንት ክፍተት ይቆያል፣ በኋላ ለመዝጊያው ሌላ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በቀጣዩ በጀት ዓመት ስለሚውል ከሂሳቡ ይወድቃል፤ በተለይ ፈልጉት። ለኦፕራሲዮን ክፍል የደቂቃ ዋጋ አውጡ፦ የክፍሉ ዓመታዊ ወጪ፣ ታካሚ ጠረጴዛ ላይ በነበረበት ደቂቃ ተካፍሎ።

የብሩን ነገር ደግሞ ከዚህ አትነጥሉት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያውን ሲለቀው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሻንት፣ ካቴተር፣ ቫንኮማይሲን፣ የካልቸር ሚዲያ ከውጭ ይገባሉ። በሰኔ 2016 እና በጥር 2017 የተገዙ ዕቃዎችን ዋጋ እንዳለ ከደመራችሁ ውጤቱ የትኛውንም ዓመት አይወክልም። ብዛቱን (ቫያል፣ ቀን፣ ደቂቃ) እንደነበረ ያዙ፣ ዋጋውን ግን ለሁሉም በአንድ ወር ዋጋ አስሉ። ብዛትና ዋጋ በተለያየ አምድ ከተቀመጡ ምንዛሪው ሲቀየር አንድ አምድ ብቻ ታድሳላችሁ።

ከቤተሰብ ኪስ

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የሆስፒታሉ ወጪ ነው። የቤተሰቡ ወጪ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ የለም፣ ካልጠየቃችሁ አይታወቅም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው) ያለው ታካሚም ቢሆን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ከውጭ ይገዛል። የሚጠፋው ደግሞ ውዱ ነው፤ ሜሮፔኔምና ቫንኮማይሲን።

ጥያቄውን ሲወጡ አንድ ጊዜ አትጠይቁ፤ አንድ ወር ሙሉ የተኛ ሰው አስታማሚ ምን እንዳወጣ አያስታውስም። በየሳምንቱ፣ በአንድ ቋሚ ቀን፣ ደረሰኞቹን ይዛችሁ አብራችሁ ጻፉ። ንጽጽር የሆኑትንም ታካሚዎች አስታማሚዎች ጠይቁ፤ ያለዚያ ልዩነቱ አይወጣም። የሚጠየቀው፦ ከውጭ ፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት፣ በግል የተነሣ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ፣ የላቦራቶሪ ክፍያ፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት ደርሶ መልስ፣ የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ፣ የስልክ ካርድ፣ እና የቀረ ሥራ።

የቀረ ሥራ ላይ ክርክር ይነሣል። ሀይድሮሴፋለስ (በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም) ያለበት ሕፃን የሚታመመው ከእናቱ ጋር ነው፤ ጡት ታጠባለች፣ አጠገቡ ታድራለች፣ አባት ይመላለሳል፣ ቤት የቀሩትን ልጆች አያት ትይዛለች። እናቲቱ ደመወዝ የላትም ተብሎ ጊዜዋ ዜሮ ሊባል አይገባም። የአካባቢውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተጠቀሙ፤ ውጤቱን ግን የእሷን ጊዜ ጨምሮና ሳይጨምር ሁለት ጊዜ አሳዩ፣ ማንም «አጋነናችሁት» እንዳይላችሁ።

በሬ መሸጥን፣ ብድርን፣ ከዕድር የተሰበሰበን ገንዘብ ከወጪው ላይ አትደምሩ። የገንዘቡ ምንጭ ናቸው እንጂ ወጪ አይደሉም፤ በሬው በተሸጠበት ብር ሜሮፔኔም ተገዝቷል፣ ሁለቱን ከደመራችሁ አንዱን ብር ሁለቴ ቆጠራችሁ። ግን ለብቻ መዝግቧቸው። የወለዱ ብር ተጨማሪ ወጪ ነው። ጥማድ በሬ ያጣ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን እኩል አሳርሶ ግማሹን ምርት ሲሰጥ ያ ኪሳራ ከሆስፒታሉ ደረሰኝ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል፤ በገንዘብ ማስላት ካልቻላችሁ ስንት ቤተሰብ በሬ እንደሸጠ ብቻ ጻፉ። ቁጥሩ በቂ ነው።

ወጪው ቤተሰቡን አንኮታኩቶት እንደሆነ ለመለካት የተለመደው መስፈርት ለሕክምና ከኪስ የወጣው የቤተሰቡን ዓመታዊ ጠቅላላ ፍጆታ 10 በመቶ፣ እንዲሁም 25 በመቶ ማለፉ ነው። ከምግብ በላይ ካለው አቅም 40 በመቶ የሚለውም አለ። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ግልጽ አድርጉ፤ ገቢን ሳይሆን ፍጆታን ጠይቁ፣ የገበሬ ገቢ በወቅት ስለሚለዋወጥ።

መከላከያው ያዋጣል ወይ?

አሁን ወጪው ታውቋል፤ ጥያቄው ምን ብናደርግ ይቀንሳል፣ ስንትስ ያስከፍላል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ኢንፌክሽን ለማስቀረት ስንት ታካሚ ላይ መከላከያው መዋል እንዳለበት አውጡ፣ በመከላከያው ትርፍ ዋጋ አባዙት፣ ከአንድ ኢንፌክሽን ወጪ ጋር አወዳድሩት።

በብሪታንያና በአየርላንድ 1605 ታካሚዎች የተካተቱበት ባሲክስ የተባለ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣው፣ ተራ ሻንት የገባላቸው 6 በመቶ፣ አንቲባዮቲክ የተነከረበት የገባላቸው 2 በመቶ፣ ብር (ማዕድኑ) የተቀባው የገባላቸው 6 በመቶ ኢንፌክሽን እንደያዛቸው አሳይቷል። ብር የተቀባው ምንም አልጠቀመም ማለት ነው። በአንቲባዮቲኩ ልዩነቱ በ100 ታካሚ 4 ነው፤ ስለዚህ አንድ ኢንፌክሽን ለማስቀረት 25 ሻንት። ለብሪታንያ ጤና አገልግሎት በአንድ የተወገደ ኢንፌክሽን ከ135 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚቆጥብ ተሰልቷል። ያንን ቁጥር ወደ ብር ለውጣችሁ እንዳትጠቀሙበት፤ የእነሱ የአልጋ ቀን ዋጋ ከእኛ ጋር አይገናኝም። 25ቱን ግን መዋስ ትችላላችሁ፣ በጥንቃቄ።

ለሂሳቡ ብቻ የፈጠርናቸው ቁጥሮች እነሆ፦ የዋጋ ልዩነቱ 12,000 ብር ቢሆን 25 ሲባዛ 300,000 ብር ይመጣል። አንድ የሻንት ኢንፌክሽን ለሆስፒታሉ 220,000 ብር ቢያስወጣ ሆስፒታሉ ከኪሱ 80,000 ብር ይከስራል። ቤተሰቡ የሚያወጣው 130,000 ብር ሲጨመር ግን ጠቅላላው 350,000 ነው፣ 50,000 ብር ትርፍ። ያው ዕቃ ለሆስፒታሉ ኪሳራ፣ ለአገር ትርፍ ሆነ። ውይይቱ ከግዥ ክፍል ወጥቶ ወደ መድኑና ወደ ጤና ሚኒስቴር መሄድ ያለበት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ጥንቃቄ ያልነው፦ እነዚያ ካቴተሮች የተነከሩት በሪፋምፒሲንና በክሊንዳማይሲን ነው፤ የሚመክቱት በዋናነት ስታፍንና መሰል ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን ነው። የእናንተ ካልቸር መዝገብ ላይ ክሌብሲዬላና አሲኔቶባክተር (ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች) የሚበዙ ከሆነ ጥቅሙ ከ4 ሊያንስ ይችላል፣ 25ቱም 40 ወይም 50 ሊሆን። ስለዚህ ከግዥው በፊት የሁለት ዓመት ካልቸር አውጡና የግራም ፖዘቲቩን ድርሻ እዩ። ውድ ዕቃ ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑንም አስታውሱ፤ በኡጋንዳ በ195 ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በወቅቱ 35 ዶላር የነበረው የህንዱ ቻብራ ሻንት 650 ዶላር ከነበረው ጋር በአንድ ዓመት ውጤት እንደማይለይ አሳይቷል።

በእኛ ግምት መጀመር ያለበት ከርካሹ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሀይድሮሴፋለስ ሆስፒታሎች ትስስር አንድ ወጥ የሻንት አሠራር ዝርዝር ሲከተል ኢንፌክሽኑ ከ8.8 ወደ 5.7 በመቶ ወርዷል፤ አንድ ለማስቀረት 32 ቀዶ ሕክምና አካባቢ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር እኛ ጋ ይገኛል፦ የክፍሉን በር መቆጣጠር፣ ክሎርሄክሲዲን (የቆዳ ማጽጃ)፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ፣ ድርብ ጓንት። ለፀጉር ምላጭ ሳይሆን ክሊፐር፣ እሱም ካስፈለገ ብቻ። ኢቪዲን ያለምክንያት አለመቀየር፣ ለልማድ ብቻ ናሙና አለመሳብ። ከቁስል የሚንጠባጠብ ሲኤስኤፍን «እስከ ነገ ይደርቃል» ብሎ አለማሳደር፤ የዕለቱ ተረኛ በዚያው ማታ ይስፋው።

ገንዘቡን ደግሞ ከዚያው ማግኘት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ የመከላከያ አንቲባዮቲክ ከቀዶ ሕክምናው ፍጻሜ በኋላ እንዳይቀጥል ይላል። በብዙ ዎርድ ግን ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ለ7 ቀን ይታዘዛል፤ 14 ቫያል በአንድ ንጹሕ ታካሚ። ይህ ሲቆም የሚተርፈው ለክሎርሄክሲዲኑና ለክሊፐሩ ይበቃ እንደሆነ ፋርማሲስቱ በአንድ ከሰዓት ሊያሰላው ይችላል።

ለሥራ አመራሩ ሲቀርብ

አንድ ገጽ። በላዩ አንድ ሠንጠረዥ፦ የኢንፌክሽን ዓይነት፣ ብዛት፣ ትርፍ የአልጋ ቀን፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታል ወጪ፣ የቤተሰብ ወጪ። ከሥሩ ሦስት ግምቶች ሲለወጡ ውጤቱ ምን እንደሚሆን፦ የአልጋ ቀን ዋጋ፣ የትርፍ ቀን ብዛት፣ የምንዛሪ ዋጋ፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ ከፍና ዝቅ ሲል።

«ይህን ያህል ብር እናድናለን» ስትሉ ሐቀኛ ሁኑ። ኢንፌክሽን ቢቀንስ የነርስ ደመወዝ አይቀንስም፣ ሕንፃውም አይጠብም። በእጅ የሚገባው ገንዘብ የመድኃኒቱ፣ የካቴተሩ፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንቱ ነው። የቀረው የሚገኘው በተለቀቀ አልጋ ነው፦ 18 ትርፍ ቀን፣ ኢንፌክሽን የሌለበት ታካሚ በአማካይ 6 ቀን በሚተኛበት ዎርድ፣ ሦስት ተጨማሪ ታካሚ ማለት ነው። ቀጠሮ የሚጠብቁትን ዝርዝር አብራችሁ አያይዙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሰርጀሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሐኪሙ ቁጥር አድጓል፣ ብዙ ቦታ ግን አሁንም ወረፋው የሚያዘው በአልጋና በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ነው። ታዲያ የተለቀቀውን አልጋ በታካሚ ብዛት ካሳያችሁ በብርም ደግማችሁ አትቁጠሩት፤ አንዱን ምረጡ።

ከዓመት በኋላ ስትለኩ በትንሽ ቁጥር አትታለሉ። በዓመት 80 ሻንት የሚሠራ ዎርድ ከ8 ኢንፌክሽን ወደ 5 ቢወርድ መቶኛው ከ10 ወደ 6 ገደማ ወረደ ተብሎ ይጨበጨባል፤ ያን ያህል ለውጥ ግን ምንም ሳይደረግም በአጋጣሚ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም 9 ሊሆን ይችላል። የሁለት ዓመት መረጃ ይዛችሁ አወዳድሩ። እስከዚያው በየወሩ የምትለኩት ሥራውን ይሁን፦ አንቲባዮቲኩ በ60 ደቂቃ ውስጥ የተሰጠው ስንቱ ላይ ነው፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በሩ ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ ያለምክንያት ከአምስት ቀን በላይ የቆየ ኢቪዲ ስንት አለ።